ዕቃህን ይዘህ ውጣ

ቃሊቲ ያስገቡኝ ቀን መጀመሪያ ያየሁት ከቆርቆሮው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ነው። የአንድ ሰው ንብረት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። በሩ አጠገብ የተኙ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። ሁሉም «አባባ» ይላቸዋል፤ እኔም አባባ አልኳቸው። ቤታቸው እዚሁ አቃቂ በሰቃ ነው። ቅርብ ነው፣ ግን ምን ዋጋ አለው።

ጸሐፊ መሆኔ ሲሰማ «እስቲ የሚያስቅ ነገር ጻፍልን» አሉኝ። ሙያዬን ማሳየት አማረኝና አጭር ተውኔት ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ፖሊስ አንዱን እስረኛ በስሙ ጠርቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ይለዋል። እዚያ ቤት ይህ ማለት ተፈታህ ማለት ነው። ሰውየው ግን ዕቃ ስለሌለው የሰው ጫማ ለቃቅሞ ሊወጣ ይሞክራል፤ ቀልዱ ይኸው ነው። ለሰውየው አፌ ላይ የመጣውን ስም ሰጠሁት።

እሁድ ከሰዓት አሳየነው። ፖሊስ ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛችን ጉድ ነው፤ ቁርጥ የፖሊስ ድምፅ አውጥቶ ተጣራ። ሳቅን። ወዲያው ግን በበሩ በኩል ያሉት ወደ አባባ ዞሩ።

አባባ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አሁን ተነስተው ብርድ ልብሳቸውን ያጥፋሉ። ሳሙናቸውን አጠገባቸው ላለው ሰው ሰጥተው «እናንተንም ለዚህ ያብቃችሁ» አሉ። ለካ ስሙ የእሳቸው ኖሯል። አባባ ስም እንዳላቸው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

አንዱ በጆሮዬ «ፖሊሶቹ ተሳስተው ነው በላቸው» አለኝ። ልል ነበር፣ እግዜር ያውቃል።

«አባባ፣ ተውኔት ነው» አልኩ በሁሉም ፊት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ቃል ለሳቅ ማዋል አልነበረብኝም። ስምዎን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አጥፍቻለሁ።»

ጫማቸውን እንዳደረጉ ተቀመጡ። ቆይተው «የፖሊሱን ቦታ እስቲ ለእኔ ስጠኝ» አሉ። በሩ ጋ ቆሙና የእኔን ስም ከነአባቴ ጠሩ።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ።»

ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። እጄ ግን ፌስታሌን ጨብጧል። ማንም አልሳቀም።

«አየህ» አሉኝ ቀስ ብለው። «በል አሁን እንደገና ጻፈው።»

ጻፍኩት። ፖሊሱን የተጫወቱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጽሑፋቸውን የሚያሳዩኝ ወጣቶች ሲኖሩ መጀመሪያ የማነብላቸው ያንን የፊተኛውን፣ የተበላሸውን ተውኔት ነው፤ ያፍሩልኛል፣ እኔ ግን አነበዋለሁ። እውነተኛው ጥሪ ሲመጣ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። አባባ በሩ ድረስ ሸኙኝ።