ግንቡን ያዳምጡ የነበሩት አያ

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው፣ ካረፉ አርባ ቀን አለፈ። ውኃውን ከሚያግደው የጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ሥር፣ በውጭ በኩል የሚቀመጡበት ድንጋይ ባዶ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ ቦታውን ዳዋ ውጦት ነበር። አያ ከሰበካው ሰዎች ጋር ጭቃውን ጠርገው፣ ከቀሃ ወንዝ የሚመጣውን ቦይ ከፈቱ። ዛሬ የቆሎ ተማሪ ከግንቡ ላይ ከበቀለው ዋርካ ጥላ ሥር ያጠናል፤ ከገበያ የሚመለስ ያርፍበታል፤ የተጣላ ይታረቅበታል።

እሳቸው ግን ከቅዳሴ መልስ ሁሌ ግንቡን በዘንጋቸው መታ መታ አድርገው ያዳምጡ ነበር።

«ምነው አያ፣ ድንጋይ ይናገራል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ግንቡን የያዘው የዋርካው ሥር ነው፤ እሱን የነካችሁ ቀን ውኃው መንገድ ያገኛል» አሉኝ።

ለአርባቸው መታሰቢያ ቦታውን ሸጋ እናድርገው ተባባልንና ግንቡን ያቀፈውን ሥር ቆረጥን። መጥረቢያ ከያዙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ግንቡን በኖራ ለሰንነው፤ ሰውም መረቀን።

ለጥምቀት ውኃው መሞላት ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ጧት ዘንጋቸውን ይዤ ሄጄ ግንቡን መታሁት። እንደ ባዶ ጋን ጮኸ። ከግንቡ ሥር የተቀመጡ ሴቶች ጨዋታቸውን አላቋረጡም።

ጥር ዝናብ የለበትም። የአያ ድንጋይ ግን ረጥቧል።