የተፋቀው ቁጥር

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር እገኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ስል ሁለት ሰዓት ነው፤ ሁለት ከአምስት አይደለም። ሳይክል ከምጠግንበት ከመሃል ከተማ እስከ ድልድዩ ግማሽ ሰዓት እነዳለሁ። ከኋላ የማስረው ዕቃ ሦስት ነው፦ መሃሉ ተበስቶ ገመድ የገባበትና ከሥሩ ድንጋይ የታሰረበት ነጭ ሳህን፣ የተቀቀሉ ሁለት ጠርሙሶች፣ ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከድልድዩ ሥር ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆሜ ሳህኑን ወደ ውሃው እለቃለሁ። ገመዱ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ተቋጥሯል። ሳህኑ ከዓይኔ ሲሰወር ስንተኛው ቋጠሮ እጄ ላይ እንዳለ እቆጥርና እጽፋለሁ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ውሃው ጠርቷል፤ ዝቅ ካለ ደፍርሷል ማለት ነው። ጠርሙሶቹ ሞልተው ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ይላኩ ነበር፤ ውጤታቸው ተመልሶ ሲመጣ ግን አላየሁም። ስለዚህ የነበረን የሳህኑ ቁጥር ብቻ ነው።

ደመወዝ የለውም። የቀበሌው ጤና ኮሚቴ በጎ ፈቃደኛ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ለቃቅሜዋለሁ። ሥራውን ያሳየኝ የንጽሕና ተቆጣጣሪ፣ ሳኒቴሪያኑ፣ የጻፍኩትን አይቶ «ይሄ የእጅ ጽሑፍ ነው ወይስ የማተሚያ ቤት?» ሲለኝ፣ ዲፕሎማ የተቀበልኩ ያህል ተሰማኝ።

ከድልድዩ ዝቅ ብሎ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። የሚጠጡት ከወንዙ ነው። ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ ሲመጡ ከብቶቹን ትተው መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ሳህኑ ምን አለ?»

«ዘጠኝ ነው አባባ።»

«ዘጠኝ ካለ እንጠጣለን።»

«ሳህኑ እኮ ሁሉን ነገር አያሳይም።»

«ከእኔ ዓይን ይሻላል። የእኔ ዓይን ጥጃዬንም እየሳተ ነው» ይሉና ይስቃሉ።

ከስድስት በታች ያልኳቸው ዕለት ልጃቸው አህያ ጭኖ ከተማው ዳር ካለው ቦኖ ውሃ ይቀዳል። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይበላል። ይህን የሚያደርገው እኔ ባልኩት ነው። ምራታቸው ያን ሰሞን አራስ ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ሳህኑ በሦስተኛው ቋጠሮ ጠፋብኝ። ዝናብ አልነበረም። ደግሜ ለቀቅኩት፤ ሦስት። በሌላ በኩል ዞሬ ለቀቅኩት፤ ሦስት ተኩል ገደማ። ውሃው ላይ ስስ አረፋ ነበር፤ ሽታው እንደ ተነከረ ቆዳ ነው። መዝገቡን ገልጬ «3» ብዬ በቀለም ጻፍኩ። ከዚያ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፦ ዘጠኝ፣ ስምንት ተኩል፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ተኩል። ከሥራቸው ሦስት። ያልተማረ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ሳኒቴሪያኑ «ለምን ሦስት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ የለኝም። ባለ ዲፕሎማ «አላውቅም» ቢል ያምርበታል፤ እኔ ያልኩ እንደሆነ ግን ድሮም እንደማላውቅ የሚታወቅብኝ መሰለኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ገመዱ ረጥቦ ተለጥጦ ይሆናል፤ ብርሃኑ ይሆናል።

ሽማግሌው መጡ። «ሳህኑ ምን አለ?»

«ስምንት ተኩል።»

ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ውሃ ዘገኑና አሸተቱት። «አፍንጫዬ ሌላ ነው የሚለኝ።»

«ከላይ ከብት ገብቶበት ይሆናል። ሳህኑ ይሻላል አባባ።»

«እሺ እንግዲህ፣ አንተ ካልክ» አሉና እፍኛቸውን አራገፉ።

ቤቴ ገብቼ «3»ን በምላጭ ፋቅኩት። ወረቀቱን በጥፍሬ አለስልሼ ስምንት ተኩል ጻፍኩበት። በጣም ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ወደ ብርሃን ካልተያዘ አይታወቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌው አልመጡም። ከብቶቹን የነዳው ልጃቸው ነው። ቤቱን በሙሉ ተቅማጥ እንደ ጣለውና ሚስቱን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ እንዳደረሷት ነገረኝ። ተርፋለች፤ ጡቷ ግን ደርቋል፤ ሕፃኑን ጎረቤት እያጠባችላቸው ነው። ሳህኑን ለቀቅኩት። ዘጠኝ አለ። ያ ክፉ ውሃ አልፎ ሄዷል፤ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ቀበሌው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጠራ። እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል፤ ሁላችንም ደግሞ ለዚያ ቀን የሚሆን፣ የማትጎዳ ትንሽ ጥፋት አዘጋጅተን እንመጣ ነበር። በቅድሚያ ሳኒቴሪያኑ ሪፖርት አቀረበ። ለሪፖርቱ ብሎ የወሰደውን መዝገቤን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ጓዶች፣ ሕመሙ በተነሣበት ሳምንት ውሃው ንጹሕ እንደነበር ይኸው ተመዝግቧል። ስለዚህ ጥፋቱ የቤት ንጽሕና ጉድለት ነው። ትናንት ገበሬ ማኅበራቸው ድረስ ሄጄ ሴትዮዋን በስብሰባ ፊት አስጠንቅቄያታለሁ። መዝገብ አያያዝን ደግሞ ከዚህ ጓድ ተማሩ።»

ተጨበጨበልኝ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ጉሮሮዬ ውስጥ ያለው «ፋቅኩት» የሚለው ቃል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ያዘጋጀሁት ሆነ።

«ሰዓት አላከብርም፤ እታረማለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ በሕግ! ሰዓታችንን የምንሞላው በእሱ አይደል እንዴ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሊቀ መንበሩም እየሳቀ «ጓድ፣ ጥፋት ከሌለህ ከእኛ ተበደር» አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ።

በማግሥቱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ሦስቱን፣ ምላጩን፣ ስብሰባውን። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ለእኔ አይደለም» አሉ ስጨርስ፤ «ለእሷ ንገራት።» ምራታቸውን ጠሩ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። አማርኛ አትችልም፤ እኔ ስናገር እሳቸው በሲዳምኛ ይነግሯታል። አንድ ነገር ጠየቀች።

«ለምን? ትልሃለች።»

«ቁጥሩ ከሌሎቹ ጋር አልሄድ ብሎኝ ነው።»

ሽማግሌው ይህን ለመተርጎም ሁለት ጊዜ ጀምረው ተዉት። ሌላ መንገድ ፈልገው ሳይሆን አይቀርም፤ በመጨረሻ በአጭሩ ነገሯት። እሷ ከበሩ ዘወር ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ።

«ግባና ቤቴን እይ ትላለች።»

ገባሁ። የከብቶቹ ጋጣ ተጠርጎ በአጥር ተለይቷል። ሁለት እንስራዎች ከመሬት ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ አፋቸው በተወለወለ የኮባ ቅጠል ተከድኗል። መጠጫው ቅል ተደፍቶ ተሰቅሏል። የሕፃኑ ጨርቆች ገመድ ላይ በመጠናቸው ተደርድረዋል። ዓይኔ እንደ ልማዱ ጉድለት ፈለገ፤ አላገኘም። እሷ ከኋላዬ እየተከተለች፣ ያላየሁትን እንስራ ሳይቀር ከፍታ አሳየችኝ። ደክሟት ሦስት ጊዜ ቆማለች።

«አሁን ለሰውየው ንገር» አሉኝ ሽማግሌው ስወጣ። «በሰው ፊት ቆሻሻ ብሏታል። በሰው ፊት ይመልስላት።»

ሰኞ ጠዋት ለሳኒቴሪያኑ ነገርኩት። መዝገቡን ወደ መስኮቱ ይዞ የሳሳውን ቦታ አየና በሩን ዘጋ።

«ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሽማግሌውና ምራታቸው።»

«እነሱ ካወቁ ይበቃል» አለና መዝገቡን መልሶ ሰጠኝ። «ቅዳሜ እንዳትቀር።»

አይበቃም ማለት ነበረብኝ። ሴትየዋ በሰው ፊት ነው የተሰደበችው። እኔ ግን መዝገቡን በብብቴ ይዤ ስወጣ ትከሻዬ ቀለለኝ፤ ሳይክሌ ላይ ወጥቼ እስከ መጠገኛ ሱቃችን ድረስ ያለ ሐሳብ ነዳሁ። ከቁጥሩ ይልቅ፣ ከምላጩም ይልቅ፣ የማፍረው በዚያ ቅለት ነው።