ቀይ የተቀባው ድንጋይ

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ውስጥ ቤት ያከራዩኝ ሴት ከኲሓ ማዶ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ አንዲት ማሳ አለቻቸው። እኔ ከወሎ መጥቼ ጨርቅ የምነግድ ሴት ነኝ፤ ስለ እርሻ የማውቀው እህል መወደዱን ብቻ ነው። በትግርኛቸው አደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ከሁሉ በላይ ያግባባን ግን ሁለታችንም ሰው አለማመናችን ነው። ደንበኛ ጨርቄን ሲያሞግስልኝ እንኳ ምን ሊያስቀንሰኝ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

አንድ ክረምት ጎርፍ የማሳቸውን እርከን ጠራርጎ ወሰደውና መሬቱ መሀል ቦረቦር ተከፈተ። ሌላ ክረምት እንደዚያ ካለፈ አፈሩ ሄዶ ድንጋይ ብቻ እንደሚቀር ለእኔም ግልጽ ነበር። መንግሥት እርከን ለፈረሰባቸው ገበሬዎች አስቸኳይ ድጎማ ይሰጣል ተባለ፤ ቦረቦር መድፈኛ ሽቦ፣ ዘር፣ ለሥራው ደግሞ ስንዴና ዘይት። መንደሩ ደስ አለው። አደይ ግን የግብርና ባለሙያዎች እርከኑ የሚሠራበትን መስመር በየድንጋዩ ላይ ቀይ ቀለም እየቀቡ ሲያመለክቱ አይተው ተመለሱና እህል አልቀምስ አሉ።

ከዓመታት በፊት የወንድማቸው ማሳ ላይም ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ያኔም ለእርሻው ጥቅም ነው ተብሏል። ዛሬ እዚያ ፎቅ ቆሟል፤ ወንድማቸው የዚያው ፎቅ ዘበኛ ናቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ግን ልጥ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ላጽናናቸው ሄጄ ይህንኑ ጥርጣሬዬን ነግሬ ይባስ አስፈራኋቸው።

"ቀይ ያረፈበት መሬት ተመልሶ የእኛ ሆኖ አያውቅም፣ ጓለይ" አሉኝ።

በማግስቱ ጎረቤቶቻቸውን ለወንፈል ጠሩ፤ ዛሬ ለእሳቸው የሠራ ነገ ይሠሩለታል። ባለሙያ ሳይጠብቁ እርከኑን ካቡት። መስመሩን አልለወጡም፣ የውሃውን መንገድ እሳቸውም ያውቁታል። ባለቀለሙን ድንጋይ ብቻ እዚያው ባለበት እየገለበጡ፣ ቀዩን ፊት ወደ አፈሩ አዙረው በላዩ ደረደሩበት። እኔም ድንጋይ ሳቀብል ዋልኩ። መዳፌ ተላጠ፤ ቀዩን ስንሸሽግ ግን ልቤ እንደ ሌባ እየመታ ደስ አለኝ።

ከባለሙያዎቹ አንዱ ሲመለስ ግራ ገባው። እርከኑ አለ፣ ምልክቱ የለም። ትሑት ወጣት ነው፤ ድጎማው በተቀባው መስመር ላይ ለተሠራ ሥራ ብቻ እንደሚሰጥ በትዕግሥት አስረዳቸው። አንድ የተቀባ ድንጋይ ቢያሳዩት እንኳ እንደሚበቃው ነገራቸው። ከካቡ አንዱን መዝዞ ማውጣት ነበር የቀረው። እኔ ደግሞ የዘር ጎተራቸው ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ አውጡት ልበል አልበል እያልኩ አደይን ተመለከትኩ።

"ምልክት አላየሁም" አሉት።

ሽቦውም ስንዴውም ለሌሎች ሄደ። አደይ የድጎማውን ዘር ከወሰደ ጎረቤት ጋር ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ተስማምተው ዘሩ። ክረምቱ ሲገባ እርከኑ ጎርፉን ያዘ፣ ገብሱም አማረ። ግማሹ ወደ ጎረቤት ጎተራ ሲገባ ማየት አንገበገበኝ። ቀይ የተቀባውን የጎረቤቱን መሬት ደግሞ እስከ ዛሬ የወሰደበት የለም። ተሳስተን ይሆን እንዴ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ገና ነው አሉኝ። ከማሳው ሆኖ ለሚያይ አዲሶቹ ቤቶች በየዓመቱ እየቀረቡ ነው።

ባለፈው ሰሞን አብረን ስንሄድ ከካቡ አንድ ድንጋይ ተንሸራትቶ ወድቆ፣ ቀይ ፊቱ ወደ ሰማይ ዞሮ አገኘነው። አደይ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኙ። ከዚያ ተንበርክከው ቀለሙን በምራቃቸው አርሰው በነጠላቸው ጫፍ ፈተጉት፣ ደጋግመው ፈተጉት።

"አይለቅም" አሉኝ፤ ድንጋዩንም እንደገና ገልብጠው ወደ ቦታው መለሱት።