ሁለት ዓይን ያለው ሹም

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ተማሪ ቤት ከፍቶ ሥዕልና የእጅ ሥራ የሚያስተምር ሲፈልግ፣ እኔ ሥራ የፈታሁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበርኩ። በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያሠራ ማን አለ? ሄጄ ገባሁ። «ልጆቹ እንደሆኑ የኛው ናቸው፤ እኔ ባላስተምራቸው ማን ሊያስተምራቸው ነው?» እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ደመወዜን ከማን እጅ እንደምቀበል ግን አልጠፋኝም። የደመወዝ ቀን ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በር ነበር የምወጣው።

ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከአፈር ቀይና ቢጫ ቀለም፣ ከድስት ጥላሸት ጥቁር አወጣን፤ በእንቁላል አስኳል ለወስነው። አቡጀዴውን በዱቄት ሙጫ ጣውላ ላይ ለጠፍን። ልብሳቸው ሁሉ ቀለም በቀለም ሆኖ፣ እናቶቻቸው ሳይረግሙኝ የዋሉበት ቀን ያለ አይመስለኝም። የአሣሣሉንም ሥርዓት ነገርኳቸው፦ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሃዲና ጨካኝ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸውና አዲስ አልሆነባቸውም።

አንድ ቀን የከተማው የጣሊያን ሹም ሊጎበኘን ነውና ልጆቹ የሱን መልክ ሥለው ይጠብቁት ተባለ። በሩን ዘጋሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «በጎኑ ነው የምትሥሉት። ገባችሁ?» አልኳቸው። ገባቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔማ ልቤ አበጠ። ጠመንጃ ይዤ ጫካ የገባሁ መሰለኝ እኮ!

ቁይ ከሚባል አገር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚኖር አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ እጁ የተባረከ። እየዞርኩ ሳይ እሱ ዘንድ ደረስኩ። ሹሙን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሳምሮ ሥሎታል። ደሜ ፈላ። «አንተ! ለዚህ ነው ሁለት ዓይን የምትሰጠው? ባንዳ!» ብዬ ጮህኩበት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና እርጥብ ጨርቅ አንስቼ የሥዕሉን ፊት ሙልጭ አድርጌ አበስኩት። ሌሎቹ «ባንዳ፣ ባንዳ» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ተው አላልኳቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ሹሙ ከአስተርጓሚው ጋር ገባ። ሥዕሎቹን ተራ በተራ ሲያይ እኔ አሁን ያውቅብናል እያልኩ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። የሰውዬው ፊት ግን በራ።

«ንጉሣችንም በገንዘባችን ላይ የሚታየው እንዲህ በጎኑ ነው፤ ትልቅ ክብር ነው ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ብራቮ! ብራቮ!» አለኝ። ምን ላድርግ? ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ያ ሁሉ ጀግንነቴ ለሰውዬው እጅ መንሻ ሆኖ አረፈው። ልጆቹ አዩኝ፤ አንዳቸውም አልሳቁም።

የቁዩ ልጅ የተበላሸ ጣውላውን ታቅፎ ቆሟል። ሹሙ አጠገቡ ሲደርስ ልጁ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ሹሙ ወደ ጣውላው ሲያመለክት አስተርጓሚው «ይሄስ? ይላሉ» አለ። እኔ ቀደም ብዬ፣ «ሰነፍ ነው፤ ተበላሽቶበት ነው» አልኩ። ሹሙ አለፈ።

እንግዶቹ ሲወጡ ልጁን ጥግ አስይዤ፣ «ምን ልትለው ነበር?» አልኩት።

«አባቴን ጠመንጃ ደብቀሃል ብለው አስረውታል፣ የኔታ። ሥዕሉ ደስ ካሰኘው እንዲፈታልኝ ልለምነው ነበር። ደህና አድርጎ እንዲያየኝ ብዬ ነው ሁለት ዓይን ያደረግሁለት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሹሙ ገና ግቢው በር ላይ ቆሞ ያወራል። አሁን «ብራቮ» ያለኝ ሰው፣ አንድ ቃል ብለምነው ይሰማኝ ይሆናል። «ለምን አበስከው?» ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። ልጅን ባንዳ ለማለት የፈጠነ ምላሴ አልላወስ አለኝ።

«ሂድ፣ ብሩሽህን እጠብ» አልኩት። ሄዶ አጠበ።

በዚያው ሳምንት አባቱን ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ ደጀን በሚሄድ ካሚዮን ጫኑት። ከዚያ ወዲያ አየሁት ያለ የለም። ልጁ ግን ትምህርቱን አልተወም። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና ጎንበስ ብሎ፣ «የኔታ፣ እንዴት አደሩ?» ይለኛል። ምነው በድንጋይ በፈነከተኝ!