እናቱን መናኸሪያ ትቶ ስለ እናት ክብር የሰበከው ወንድሜ

ዛሬ ወንድሜ ቲክቶክ ላይቭ ገብቶ «እናቱን የማያከብር ወንድ፣ ወንድ አይደለም!» እያለ ሲጮህ፣ እናታችን ጭሮ መናኸሪያ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ መጥቶ እንዲቀበላት ትደውልለት ነበር። እሱ ላይቩ እንዳይቋረጥበት ይዘጋባታል።

እኔና እሱ እዚሁ ጭሮ ቤት ተከራይተን ኮሌጅ እንማራለን። እኔ ጋ እንዳትደውል ደግሞ፣ አባታችን ባለፈው ወር «ሴት ልጅን ኢንተርኔት ያበላሻታል» ብሎ ስልኬን ወስዶታል። (ይህንንም የምጽፈው በጓደኛዬ ስልክ ነው።) ወንድሜን ግን አያበላሸውም። ወላሂ፣ የሚበላሽ ነገር የቀረውም አይመስለኝ።

ከክፍል ስመለስ እናቴ በር ላይ ከባጃጅ ስትወርድ አገኘኋት። ከገለምሶ የመጣችው ለጉልበቷ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ኖሯት ነው፤ እሱን ስትጠብቅ ሰዓቱ አልፏል።

ስንገባ ወንድሜ ስለ እናት ውለታ እንባ እየተናነቀው ያወራል። እናቴ ጆንያዋን አስቀምጣ አዳመጠችው። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «እውነቱን ነው ልጆቼ፣ እናቶቻችሁን አክብሩ። ሲደውሉላችሁም አንሱ» አለች።

«እማ፣ አቦ ሰው እያየን ነው!»

«እኔንም መናኸሪያ ሙሉ ሰው ሲያየኝ ነው የዋለው።»

አባቴ ማታ ደውሎ ሁሉንም ሰማ። «ተይው፣ ገና ልጅ ነው» አላት። ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ።

እናቴም «እንግዲያው ትልቋ እሷ ናት፤ ስልኳን ነገ በሚኒባስ ላክላት» ብላ ዘጋችው።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ቤት «ገና ልጅ» የሚባለው ስንት ዓመቱ ነው?