ወይ አንተ፣ ወይ አንቺ

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠሩት ሴቶች «በረኪና» ይሏት ነበር። ስሙ የወጣላት እጇም ቀሚሷም ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ስለሚሸት ነው። ደግሞም እሷ ባለችበት ጠብ ቆሽሾ አያድርም። ሁለት ሴቶች በማድረቂያው ማሽን ተራ ከተናቆሩ መካከላቸው ትገባና አንዷን ታስቃለች፣ ሌላዋን ታሞግሳለች፤ ማን አጥፊ እንደነበረ ሳይለይ ነገሩ ነጥቶ ይቀራል። ዘዴዋን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፦ ፈርዳ አታውቅም። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች፣ እርጥብ አንሶላ እየጠመዘዘች።

ባሏ አናጺ ነበር። ወደ መንገዱ የሚከፈተው ክፍል የሥራ ቦታው ነው፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች መኖሪያቸው። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ካለ ግን አለ ነው፤ እንደ ደረቀ ኮላ አይላቀቅም። ሁለት ልጆች ወለዱ። ትልቁ ወንድ ልጅ አድጎ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። ታናሿ ሴት ተብላ ተወለደች፤ ቀጭን ስለነበረች አባቷ «ሚስማር» አላት፣ ከትምህርት ቤት በቀር በሌላ ስም የሚጠራት ጠፋ።

ሚስማር ያደገችው በእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ነው። ገና ጥርሷ ሳይለወጥ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ የወንበር እግር ታለሰልስ ነበር። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ባለ ዳንቴል ቀሚስ ቢያለብሷት፣ አባቷ የሚሠራበት ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣም አለች፤ ሠርጉ ያለእሷ አለፈ። ጎረቤቱ ሳቀ። «ወንዳወንድ ናት፣ ስታድግ ይለቃታል» አሉ። አደገች። የአባቷ ቀኝ እጅ ሆነች። አልለቀቃትም።

የሠፈሩ መስታወት ቆራጭ ልጁን ሊድርላት ፈልጎ ጠየቀ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አናጺውም ደስ ብሎታል። አራቱም ምሳ ላይ ተቀምጠው ነገሩ ሲነሳ ሚስማር ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔ የማንም ሚስት አልሆንም» አለች። «ሴት አይደለሁም።»

ወንድሟ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ታዲያ ምንድን ነሽ?»

«ወንድ ነኝ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማውቀው ይህንኑ ነው። ላስረዳህ አልችልም፤ ማስመሰል ግን ሰለቸኝ።»

አናጺው አፉ ውስጥ የነበረውን አላምጦ ዋጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አሞሻል?» ብቻ አላት።

ያመማት እንደሆነ እንዲታወቅ በረኪና ጋዋን የምታጥብላት አንዲት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ ደሟንም አስመረመረች፣ በራጅም አየች፣ እናትና ልጅን አስቀምጣም ነገረቻቸው። ገላዋ የጤነኛ ሴት ገላ ነው፤ የጎደለም የተረፈም የለም። ስለ ራሷ የምትለውን በተመለከተ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ከምንገምተው በላይ አሉ አለች፤ ከእኛ ከሐኪሞቹ እንኳ የሚሰማቸውን ሆነው ይኑሩ የሚል አለ፣ አትቸኩሉ የሚልም አለ። እኔ ደሟን አይቼ ስለ ደሟ ልነግራችሁ እችላለሁ፣ ማን መሆኗን ግን ከብልቃጥ ውስጥ አላነብም አለች።

በረኪና ሁለቱንም ቃል ሳታጎድል ለባሏ አደረሰች። እሱ የመጀመሪያውን ወሰደ። «ሴት ናት ብላለች፣ አለቀ» አለ። ሚስማር ደግሞ ሐኪሟ ያየችው ገላዬን ነው፣ እሱን እኔም አየዋለሁ፣ መቼ ካድኩ አለች።

አንድ ቀን በረኪና ጓሮ ልብስ እያሰጣች፣ የመላጊያው ድምፅ ቆሞ አባትና ልጅ ሲነጋገሩ በመስኮቱ ሰማቻቸው።

«አልጠላሁሽም» ይላል አናጺው። «ሱሪ ልበሺ፣ ጸጉርሽን ተቆረጪ፣ ካላሻሽ አታግቢ። የራስሽ ጉዳይ ነው። አንተ በለኝ ግን አትበይኝ። የማላምንበትን ቃል ከአፌ አላወጣም። አንቺኑ መዋሸት ይሆንብኛል።»

«እኔስ አባዬ? ጠዋት ተነሺ ብለህ ከቀሰቀስከኝ ጀምሮ እስክተኛ የምሰማው ውሸት ነው። በኛ ቋንቋ ውሃ አቀብዪኝ ማለት እንኳ ያለ አንተና አንቺ አይቻልም።»

«እንግዲህ ቋንቋውን እኔ አልሠራሁት።»

መላጊያው እንደገና ተነሳ። በረኪና መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሁለቱም የተጣሉት ላለመዋሸት ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢዋሽ ኖሮ ታስታርቃቸው ነበር።

የማትፈርደው ሴት መሸሻዋን አገኘች። ማታ ራት ስታቀርብ ወይ አንተ ወይ አንቺ ማለት ቢከብዳት ወደ ሚስማር ዞራ ጎንበስ አለችና «እርስዎ፣ ራት ቀርቧል» አለች። ሳቁ። የአናጺው ጺም እንኳ ነቅነቅ አለ። በማግስቱ ደገመችው፤ ሳምንት ሳይሞላው ልማድ ሆነ። ለሹምና ለሽማግሌ የሚሰጠውን አክብሮት ጡቷን ላጠባቻት ልጅ ሰጠች። «ደህና አደሩ ልጄ?» «ሹራብ ደርበው ይውጡ እንጂ።» ጎረቤት የሰማ ቁልምጫ ይመስለዋል። እሷም በሁለት እሾህ መካከል ማለፊያ ያገኘች መስሏት ተጽናናች።

አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እየተከለችላት ሳለ ሚስማር «እማዬ» አለቻት፣ «እንግዳ አደረግሽኝ እኮ።»

በረኪና መርፌዋን አቆመች። «ምን ላድርግ ልጄ፣ በአንድ በኩል አባትሽ...» አለችና፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆኖባት፣ ያመለጣትን ቃል ለመያዝ አፏን በእጇ ከደነች። ሚስማር ፈገግ አለች፤ የሚያስለቅስ ፈገግታ ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ የቤት ዕቃ የሚሠራበት ቦታ ተቀጥራ ነው። በሄደችበት ቀን አናጺው ከሥራ ቦታው አልወጣም። ሻንጣዋ ውስጥ ግን የአባቷ መሮዎች በሙሉ ተስለው፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልለው ተገኙ።

በረኪና ፈቃድ አውጥታ ልትጠይቃት በአውቶቡስ ሄደች። የተነገራት በር ጋ ስትደርስ አሠሪዋ፣ ወፍራም ሴትዮ፣ ወደ ውስጥ ጮሁ፦ «አንተ! እናትህ መጥተዋል!» ከመጋዙ ጀርባ አንድ ቀጭን ሰው ብቅ አለ፤ ቅንድቡ ላይ ብናኝ ተኝቷል፣ ጓደኛው በነገረው ቀልድ ገና እየሳቀ ነው። በረኪና ያንን ፊት ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየችውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚስማር በልቧ «እሱ» ሆነ። አስባ የወሰነችው ነገር አይደለም። ሐኪሟ ያለችውንም አልካደችም፤ ራሷ ወልዳዋለች፣ ገላውን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሆድ ጎን ለጎን ተኙ፣ ሳይታረቁም ሳይጣሉም።

ምላሷ ግን ልቧን አልተከተለም። ምሳ ሲጋብዛት «ይብሉ እንጂ፣ ከስተዋል» አለችው። አየት አድርጓት በላ። ስትመለስ አናጺው እንዴት ናት ብሎ ጠየቃት። ደህና ናቸው አለችው።

ከዚያ አናጺውን ግራ ጎኑን ያዘው። አንድ ጠዋት መላጊያውን እንደጨበጠ ወደቀ፤ ሆስፒታል ከርሞ በግማሽ ገላና በተጎተተ አንደበት ወደ ቤት ገባ። ትልቁ ልጅ ጭነት ይዞ ሩቅ አገር ነበርና ሚስማር ሥራውን ትቶ መጣ። አባቱን ከአልጋ ያነሳዋል፣ በጉርሻ ያበላዋል፣ ጺሙን ይላጨዋል። አናጺው ሁሉንም ተቀበለ። «ሚስማር» ብሎ ይጠራዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚለውን በዓይኑ ይጨርሰዋል።

የቸገረው ገላ መታጠቡ ነበር። በረኪና ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችው የራሰ አንሶላ ወገቧን ጨርሶታል፤ አናጺው ደግሞ ግንድ የሚያህል ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልታነሳው ሞክራ አቃታት። ሚስማር እጅጌውን ጠቅልሎ ሊገባ ሲል አናጺው ጤነኛውን እጁን ዘረጋ።

«አይሆንም» አለ፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ። «ሴት ልጄ... ራቁቴን... አታየኝም።»

ክፋት አልነበረበትም። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ማንም አባት የሚያፍረውን ነው ያፈረው። ሚስማር ወደ ኋላ ተመልሶ ከበሩ ውጭ ቆመ። በረኪና በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብቻ እንደሚበቃ ገብቷት ነበር፤ ወንድ ልጅህ ነው፣ ይግባ ብትል። ባሏ ይሰማት አይሰማት አታውቅም፤ በሩ ጀርባ ያለው ግን ይሰማል። ጎሮሮዋ ድረስ መጣ። ዋጠችው። ሚስማር የሞቀውን ውሃ በባልዲ በባልዲ በበሩ ክፍተት እያቀበላት፣ እሷ ግድግዳ ተደግፋ፣ ወገቧ እየተቆረጠ ባሏን ለብቻዋ አጠበች። ካለቀ በኋላ ባዶ ባልዲዎቹን የሰበሰበው ሚስማር ነው። በማግስቱ አባቱ ይዞ የሚነሳበት መደገፊያ ሠርቶ አልጋው ጎን ገጠመለት። አናጺው መጋጠሚያውን በጣቱ ዳብሶ «ጥሩ ሥራ ነው» አለ።

ብዙ አልቆየም፤ ሞተ።

ትልቁ ልጅ ደርሶ ቀብሩን ያዘጋጅ ጀመር። በመቃብሩ ዳር የሟቹን ሕይወት በአጭሩ የሚናገር ሰው ተመድቦ ስለነበር፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ አልፏል ይባል አለ። ሚስማር ውሸት ሆኜ ከምጠራ ባልጠራ ይሻለኛል አለው። ወንድምየው አባታችን በሕይወቱ ያላለውን በሬሳው ላይ አላስብልም ብሎ ጸና። ሁለቱም ወደ እናታቸው ዞሩ፤ ልክ በማድረቂያው ማሽን ተራ እንደሚጣሉት ሴቶች።

«የሁለት ልጆች አባት ይባል» አለች በረኪና።

እንደዚያው ተባለ። ሰዉ ያማረ ንግግር ነው ብሎ ተመለሰ። ወንድማማቾቹ ግን በአንድ ቤት አድረው ሳይነጋገሩ ነጋ።

ሚስማር ሲመለስ በረኪና እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሸኘችው። ወረፋ ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «አባዬ የሚለውን አውቃለሁ። ወንድሜ የሚለውንም አውቃለሁ። ከሁለቱም ጋር ተጣልቻለሁ፣ ቢያንስ ከምን ጋር እንደተጣላሁ ይገባኛል። አንቺ የምትዪውን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች «ወንድ ልጄ ነህ» አለችው። «ያን ቀን ከመጋዙ ጀርባ ስትወጣ ካየሁህ ጀምሮ።»

ደስ ይለዋል ብላ ነበር። ፊቱ ግን እንደ ልጅ ፊት ተኮማተረ።

«ታዲያ ባልዲ ሳቀብልሽ ለምን አላልሽም?»

«አባትህ አይቀበልም ነበራ፣ ልጄ። በዚያ ሕመሙ ላይ...»

«እንደማይቀበል አውቃለሁ። እሱ እንዲቀበል አልነበረም የፈለግሁት። እሱ እምቢ ሲል አንቺ ስትዪ መስማት ነበር የፈለግሁት። በሩ እኮ ክፍት ነበር።»

ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ሚስማር ሻንጣውን አነሳ፣ ግንባሯን ስሟት ገባ። ቂም አልያዘም፤ ግን ልክ እንደ ደረቀ እንጨት አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ነበር፣ እሷም አየችው።

አሁን በረኪና ጡረታ ወጥታለች። ወገቧ ከተቀመጠችበት አያስነሳትም፤ የምትኖረው ከትልቁ ልጅ ጋር ነው። እሱም ክፉ አይደለም። መድኃኒቷን አያስተጓጉልባትም፣ ከመንገድ ሲመለስ እግሯን ያሽላታል። አባቱ በሞተበት ቃል ላይ ግን አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀም፣ እሷም አትነካካውም።

ሚስማር እሑድ እሑድ ይደውላል። ብቻዋን ከሆነች «እንዴት ነህ የኔ ጌታ፣ በላህ? ሳቅክ?» እያለች አንተን ታዘንብለታለች፤ የዘገየችበትን ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ ልትከፍል እንደምትፈልግ። ትልቁ ልጅ ቤት ካለ ግን አንደበቷ ይታሰራል። «ደህና ነዎት?» ትላለች። ትልቁም ከወዲያ ሆኖ «ለእህቴ ሰላም በይልኝ» ይላታል፤ ከልቡ ነው። እሷም «ሰላም ይልዎታል» ብላ ታደርሳለች። ሚስማር ወንድሙ እዚያ መሆኑን በዚያው ያውቃል። «በይ እማዬ፣ ሌላ ቀን እደውላለሁ» ይልና ይዘጋዋል።

እሷ ስልኩን ቶሎ ከጆሮዋ አታወርድም። የልጇ ድምፅ ከጠፋ በኋላም ትንሽ ትቆይና፣ ትልቁ ልጅ እየሰማት፣ «እሺ፣ እሺ... ራስዎን ይጠብቁ» ትላለች።