የአያ ሞላ ብሎኖች

ባለፈው ሰሞን ልጃችን ዮናስ ከባሕር ዳር መጥቶ የቤታችንን አሮጌ የብሬከር ሳጥን ሊቀይር ተነሣ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ የእንጅባራ ጉም በረንዳችን ድረስ ገብቶ ተቀምጧል። እኔ አጠገቡ በርጩማ ስቤ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እያጠቀስኩ፣ ሳልጠየቅ ምክር እሰጣለሁ። ጡረታ የወጣ የመብራት ሠራተኛ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው?

«ካቻቢቴው ይኸው። ብሎኑን ጠበቅ አርገህ እሰረው» አልኩት።

«አባዬ፣ ይኼኛው እኮ ብሎን የለውም። ሽቦውን ልጦ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ነክሶ ይይዘዋል።»

ሽቦው ቀጭ ብሎ ገባ። ጎትቼ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አይልም። ደግ ፈጠራ ነው፤ አልተከራከርኩም። ግን ብሎን የሌለው ብሬከር ሳይ ሳቄ መጣ። አማቴ አያ ሞላ ትዝ አሉኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ያኔ ሙያውን ተምሬ ገና መውጣቴ ነበር፤ ጢሜ በወጉ አልበቀለም፤ ልቤን ግን እናኑ ወስዳዋለች። እናኑ የአያ ሞላ የመጨረሻ ልጅ ናት። አያ ሞላ ደግሞ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ባለው አገር በፈረስ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ከሰው ይልቅ ፈረስ ያምናሉ እየተባሉም ይታማሉ። አጎቴ ሽማግሌ ሆኖ ቢሄድ፣ ጠላ አጠጥተው፣ ግብጦ አስቆርጥመው እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

«ልጄን የምሰጥ እጁን አይቼ ነው። የመብራት ባለሙያ ነኝ ይል የለም? ምሰሶው ደጄ ቆሟል፤ ቤቴን መብራት ያስገባልኝ። ጥር ላይ የጊዮርጊስ ማኅበር ተራው የኔ ነው። ያን ዕለት መልሴን ትሰማላችሁ።»

እኔም የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ እየጸለይኩ ሥራዬን ጀመርኩ። የጥር ውርጭ ጣት ያደነዝዛል፤ ሽቦውም እንደ ደረቅ ሐረግ አልታጠፍ ይላል። አያ ሞላ ከአጠገቤ አይለዩም። ብሬከሩ ላይ ስደርስ ጎንበስ ብለው «ይቺ ብሎን ምን ትሠራለች?» አሉኝ። ሽቦውን ጨብጣ እንደምትይዝ ብነግራቸው በቂ ነበር። ግን አማት ማስደሰት አማረኝና፦

«እንደ ኮርቻ ጠፍር በሏት፣ አያ ሞላ። ጠፍሩ ከላላ ፈረሰኛው ይወድቃል አይደል?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «አሃ! እንዲህ ብለህ ንገረኝ እንጂ!» አሉ። በራሴ ብልሃት ኮራሁ፤ ልጅቱን ያገኘኋት መሰለኝ።

የማኅበሩ ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ሞላ። አጎቴ ከነሽማግሌዎቹ ላይኛው መደብ ላይ ተሰይሟል። እናኑ በጓዳው በር ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች፤ ያቺ እይታ ብቻዋን ቤቱን ታበራ ነበር። አያ ሞላ ራሳቸው ማብሪያውን ሲጫኑት ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ አምፖሎቹ ይርገበገቡ ጀመር። ሳጥኑ ውስጥ ትርር፣ ትርር አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ከዚያ ድርግም።

አንዱ ሽማግሌ «ሙያው ይኼ ነው እንዴ?» ሲል በጨለማው ውስጥ ሰማሁት። እናኑ ከእጄ ስትወጣ ታየኝ።

ከቆጣሪው በኩል ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ዘግቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። አያ ሞላ ባትሪ አበሩልኝ። ብሎኖቹን ባይ አንዱም ሳይቀር ላልቷል። ማንም በስህተት እንዲህ ሁሉንም እኩል አያላላም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፦

«ትናንት የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ በካራዬ ጫፍ ትንሽ ትንሽ አላላሁላት። የቆመ ፈረስ ጠፍሩ እንደጠበቀ አያድርማ! ይታመማል። ዛሬ መልሼ ላጠብቅ ነበር፤ በድግሱ ተረሳኝ» አሉኝ።

ሳቄን በጥርሴ ያዝኩት። ወዲያው ከላይኛው መደብ «ምን ሆኖ ነው፣ አንተ ልጅ?» ተባልኩ። አያ ሞላ የባትሪውን ብርሃን ወደ መሬት መለሱ። በራሳቸው ድግስ፣ በማኅበርተኞቻቸው ፊት ሊያፍሩ!

«ብሎኑ ላልቶ ነው፣ አባቶቼ። ደግሜ ማየት ነበረብኝ» አልኩ።

አጎቴ አንገቱን ደፋ። የተለበለበውን የሽቦ ጫፍ ቆርጬ አዲስ ላጥኩና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ፤ መብራቱ መጣ። ከዚያ በኋላ አምፖሉ ብልጭ እንኳ አላለም፤ እኔ ግን የቀረበልኝን እህል ሳልነካ የአያ ሞላን መልስ ስጠብቅ አመሸሁ።

ማኅበሩ ተበልቶ ተጠጥቶ ምርቃት ሲደርስ አያ ሞላ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጌቶቼ፣ ብሎኑን ያላላሁት እኔ ነኝ» አሉ። ስለ ፈረሱና ስለ ጠፍሩ ሲያስረዱ አንዱ በሳቅ ፍርስ አለ፤ ሁሉም ተከተለው። አያ ሞላ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼ ልጅ በሰው ፊት ገመናዬን ሸፈነልኝ። የልጄንም ይሸፍናል። ሰጥቻለሁ።»

ከጓዳ የወጣው እልልታ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ያን ሁሉ ለዮናስ ስነግረው የመጨረሻውን ሽቦ ቀጭ አድርጎ አስገባ። በሥራ ዘመኔ የላላ ብሎን ስንት ቤት እንዳቃጠለ አውቃለሁና፣ አዲሱ ዕቃ ለሰው ደግ ነው፤ ይምጣ፣ ይብዛ። ለእኔ ግን የዚያን ዕለቱ መላላት ቤት ሠርቶልኛል።

እናኑ በሩን ተደግፋ ስትሰማን ቆይታ ኖሮ፣ አሮጌውን ብሬከር ከወለሉ አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት።

«በል ብሎኖቹን አመስግን» አለችኝ። «አባቴ ያኔ አዲሱን ብሎን የለሽ አግኝተው ቢሆን፣ አንተ ዛሬም ሽማግሌ ስትልክ ነበር።»